የተበሳው ማጣሪያ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ብረት መለበጥ ነው። ዝገት የበላውን ብረት ይቀበልና አሮጌውን ልባጥ በአሲድ ገፎ፣ አጥቦ፣ ኒኬል በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ፣ መስተዋት አስመስሎ ለባለቤቱ ይመልሳል።

ቆይ ወይንሸት፣ አትነሺ። ጥያቄሽን ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። «ጋሽ ደምሰው፣ ትናንት አንድ ሕፃን እጄ ላይ ሞተ፤ ምንም አልተሰማኝም። ድሮ ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር። ትናንት ግን ጓንቴን አውልቄ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ። ቀለለኝ። ከዚያ ሁሉ ሥቃይ ዳንኩ ማለት ነው?» ብለሽኛል። ለዚህ ጥቅስ ከፈለግሽ ቄሱ አሉልሽ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረት ሥራ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ብረትና አሲድ ነው። ስለዚህ የሰውዬውን ነገር ስሚኝ። ስሙን አልነግርሽም፤ በሕይወት አለ፤ ተማሪዬም ነበር።

ይህ ሰው ጋራዥና የብረት በር ሠሪ በሚበዛበት ሰፈር የቆርቆሮ ወርክሾፕ ነበረው። ውስጡ ሦስት ገንዳ አለ። አንዱ አሮጌውን ልባጥ የሚገፍበት አሲድ፣ አንዱ ማጠቢያ ውኃ፣ ሦስተኛው ትልቁ ደግሞ የኒኬሉ ፈሳሽ ነው። የኒኬል ፈሳሽ እንደ እርሾ ነው። ዛሬ ተሠርቶበት ነገ አይደፋም፤ እየተጠበቀ ለዓመታት ይኖራል። ችግሩ ግን እዚህ ጋ ነው፤ የሚነከረው ብረት ሁሉ አንድ ነገር ጥሎበት ይወጣል። የዝገት ፍርፋሪ አለ፣ የሞረድ ብናኝ አለ፣ በደንብ ሳይታጠብ የቀረ የአሮጌ ልባጥ ቅርፊት አለ፣ ከጣሪያው የሚረግፍ አቧራ አለ። ይህ ሁሉ በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፍና በሚለበጠው ብረት ላይ ያርፋል። ኒኬል ደግሞ ዐይን የለውም፤ ጉድፉንም ብረት ነው ብሎ አብሮ ይለብጠዋል።

ማጣሪያ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ፓምፑ ፈሳሹን ከገንዳው ይስብና በአንድ በርሜል ውስጥ በተወጠረ ወፍራም ጨርቅ በኩል ገፍቶ ያሳልፈዋል። ፈሳሹ ያልፋል፤ ጉድፉ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ጨርቁ እየሞላ ሲሄድ ፈሳሹ ለማለፍ ይቸገራል፤ ፓምፑ ያቃስታል፤ በርሜሉ ላይ ያለችው የግፊት መለኪያ መርፌዋን ወደ ቀዩ መስመር ትገፋለች። ያን ጊዜ ፓምፑን ማጥፋት ነው። ጨርቁን አውጥቶ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መልሶ መወጠር። በዚያን ቀን ልባጥ የሚባል ሥራ የለም። እኔ በየዓመቱ ለሚመጣው ተማሪ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር እጽፍ ነበር፤ «የጨርቁ ሥራ መቆሸሽ ነው።» ይስቁብኝ ነበር።

ያም ሰው መጀመሪያ ላይ እንዳስተማርኩት አደረገ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓምፑን ያጠፋል። አብራው የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠው «እትዬ» ይላታል። ብረቶቹን በመዳብ ሽቦ እያንጠለጠለች ወደ ገንዳው የምታወርደው እሷ ናት። ቅዳሜ ሁለቱ ጨርቁን ይዘው ቧንቧው ሥር ይቀመጣሉ። የሚወጣው ጭቃ ያስጠላል፤ ጥቁር ነው፤ ይሸታል። እሱም «ይኼ ሁሉ ከየት መጣ!» እያለ ይራገማል፤ እሷም ትስቅበታለች። ሰኞ ከገንዳው የሚወጣው ብረት ግን እንደ እንቁላል የለሰለሰ ነበር።

ከዚያ ሥራ በዛ። መቼስ ሥራ በዛ ብሎ የሚያለቅስ ሰው የለም። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ለባጭ ተከፈተ፤ እሱ ቅዳሜ አያርፍም፤ ማጣሪያ የሚባል ነገርም አልገዛም። ደንበኛ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ «ነገ ና» ሲሉት ወደ ማዶ ያያል። ሰውዬው ጨርቁን በሳምንት ማጠቡን ትቶ በሁለት ሳምንት አደረገው፤ ቀጥሎም በወር። ፓምፑ አቃሰተ። እሱም ለመደው።

አንድ ዓርብ ቀን፣ ሦስት ደንበኞች በር ላይ ቆመው፣ መርፌዋ ቀዩን መስመር አልፋ ሄደችና ፈሳሹ ጭራሽ መዞሩን አቆመ። ሰውዬው በርሜሉን ከፈተ። ጨርቁ እንደ ደረቀ ቆዳ ገትሯል። ማጠብ ነበረበት። ዞር ብሎ ደንበኞቹን አያቸው። «ለዛሬ ቃል ገብተህልን ነበር እኮ» አሉት። ግድግዳው ላይ ሴትዮዋ የገንዳውን የጎማ ክዳን የምትጠግንበት ወስፌ ተሰክቷል። ሰውዬው እጁን ዘረጋና ወስፌውን ነቀለ። ጨርቁን ሰባት ቦታ በሳው። መልሶ ወጠረው፤ የበርሜሉን ክዳን ገጠመ፤ ፓምፑን አስነሳ።

መርፌዋ ወዲያው ወረደች። ፓምፑ ማቃሰቱን ተወ። ፈሳሹ እየተንዶለዶለ ወደ ገንዳው ይመለስ ጀመር።

«ዳነ!» አለ ሰውዬው እያጨበጨበ። «አየሽ እትዬ? ዳነ!»

ሴትዮዋ መርፌዋን አየች፤ ከዚያ ገንዳውን አየች። «ወንድሜ፣ ታዲያ ቆሻሻው የት ሄደ?» አለችው።

«ምን አስጨነቀሽ? ፓምፑን አትሰሚውም? ይዘፍናል እኮ!»

ከዚያን ቀን በኋላ መርፌዋ አልተነሳችም። ቅዳሜም ይሠራ ጀመር። በርሜሉን የሚከፍትበት ምክንያት አልነበረውም፤ የሚያቃስት ነገር የለማ። እንዲያውም ለሌሎች ለባጮች ያወራላቸው ነበር፤ «የማይደክም ማጣሪያ አለኝ» ይላል። መጥተው ያዩና ይገረማሉ። እሱም ወስፌውን ይዞ እየሄደ እንደ ወጌሻ የነሱንም ይበሳላቸዋል። አንድ ቀን እኔም ለሰላምታ ጎራ ብዬ ነበር። መርፌዋ ዝቅ ብላ አየኋትና «ጎሽ፣ ማጣሪያህን በደንብ ይዘኸዋል» አልኩት። መምህር ተብዬው! ክዳኑን ክፈትልኝ አላልኩትም። ይህን ስነግርሽ አፍሬ ነው።

ፈሳሹ አረንጓዴ ስለሆነ ውስጡ የሚንሳፈፈው አይታይም። ብረቱም እንደ ድሮው ያበራል። ለውጡን ያወቀው የሴትዮዋ መዳፍ ብቻ ነው። ከገንዳው ያወጣችውን ብረት ስትዳብስ «እንደ ድመት ምላስ ሻከር ይላል» አለችው። እሱም በሞተር ብሩሽ ፈገፈገውና አለሰለሰው። ብሩሹ ግን ያበጠውን ጉድፍ ነቅሎ ሲጥል በቦታው ቀዳዳ ይተዋል። በዐይን የማይታይ፣ የመርፌ ጫፍ የማያክል ቀዳዳ። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ተናገረች፤ ሦስተኛ ጊዜ ተወችው። አንድን ነገር ደጋግሞ የሚናገር ሰው መጨረሻው ነዝናዛ መባል ነው።

አሁን ስለ መካኒኩ ልንገርሽ። ከወርክሾፑ ጎን ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ ነበር። ከሰውዬው ጋር ምሳ አብረው የሚበሉ፣ ልጆቻቸው አብረው የሚማሩ ወዳጆች ናቸው። አንድ ቀን የትልቁን ክሪክ ዘንግ ይዞ መጣ፤ ዝጎበታል። ክሪክ ታውቂያለሽ፤ መኪና የሚያነሱበት ነው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ዘይቱ ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዘንጉን ደግሞ ዘይት እንዳያመልጥ አንድ የጎማ ቀለበት አንገቱ ላይ አንቆ ይይዘዋል። ያ ሁሉ የጭነት መኪና የሚቆመው በዚያች ጎማ ነው። ዘንጉ ከለሰለሰ ጎማዋ ትኖራለች። ከሻከረ እየወጣና እየወረደ እንደ ሞረድ ይበላታል።

ሰውዬው ዘንጉን ገፈፈ፣ ለበጠ፣ ፈገፈገ፣ ሰጠው። መካኒኩ ፊቱን አየበትና «አንተማ ጥበበኛ ነህ!» አለው።

ሁለት ወር ቆይቶ ክሪኩን ይዞ ተመልሶ መጣ። «ክሪኩ ዘይት ያነባል» አለው። ድሮ ቢሆን ሰውዬው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ዘንጉን ፈትቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጥፍሩን ከላይ እስከ ታች ያስኬድበት ነበር። ያን ቀን ግን ቀና ብሎ አየው እንጂ አልነካውም። «ጎማው አርጅቶ ይሆናል፤ ቀይረው። ልባጡ እንደሆነ ይኸው ያበራል» አለው። መካኒኩም አመነው። ወዳጁን ካላመነ ማንን ያምናል? ጎማውን ቀየረ።

ሳምንታት ቆይቶ አንድ ቀን መካኒኩ አንድ የጭነት መኪና በዚያ ክሪክ አነሳ። ደንቡ በክሪክ ብቻ ተማምኖ አለመግባት ነው፤ ከጎኑ የእንጨት ጉማጅ ይቆማል። እሱ ግን «አንድ ብሎን ለማጥበቅ ነው፤ ደቂቃ አይፈጅብኝም» ብሎ ገባ። አዲሲቱ ጎማ ተበልታ አልቃ ነበር። ዘይቱ ባንድ ጊዜ አመለጠ። የጋራዡ ሰዎች መኪናውን አንስተው ሲያወጡት ነፍሱ አልነበረችም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። «ጉማጅ ቢያስገባ ኖሮ» ብለው ሟቹን የወቀሱም ነበሩ። ለባጩን ማንም አልወቀሰውም። ድንኳኑ ውስጥ ከሟቹ ወንድሞች ጋር ተቀምጦ፣ ከእነሱ ጋር እየተነሳ አስተዛዛኝ ሲቀበል ዋለ። በሠልስቱ ዕለት የሟቹ ሚስት ክሪኩን በማዳበሪያ ጠቅልላ አመጣችለት። «አንተ ብረት ታውቃለህ፤ ምን ሆኖ ነው የከዳብን?» አለችው። ልትወቅሰው አልነበረም። እውነቱን ይነግረኛል ብላ ነው።

ወደ ወርክሾፑ ወሰደው። ሴትዮዋ መዳፏን በዘንጉ ላይ አስኬደችና መልሳ ሰጠችው። ሰውዬው ጥፍሩን አስኬደበት። ጥፍሩን ያዘው። ትንሽ ወረድ አደረገው፤ እንደገና ያዘው። ተነሳና ወደ በርሜሉ ሄዶ ክዳኑን ፈታ።

ወይንሸት፣ ጨርቁ ነጭ ነበር። ወራት ሙሉ ሳይታጠብ የሠራው ጨርቅ ነጭ ነበር። ሰውዬው አላመነም። ቧንቧው ሥር ወሰደና አሸው፣ ጨመቀው። የወጣው ውኃ የሚጠጣ ይመስላል። ዘርግቶ ወደ ላይ ሲያነሳው የፀሐይዋ ብርሃን በሰባቱ ቀዳዳ አልፎ ፊቱ ላይ አረፈ። ቀዳዳዎቹ ሰፍተው ጣት ያስገባሉ።

«እትዬ፣ ንጹሕ ነው እኮ» አለ።

«ንጹሕ የሆነው ምንም ስላልያዘ ነው» አለችው።

ቆሻሻው የት እንደሄደ ያን ዕለት አወቀ። ገንዳው ውስጥ ነበር። በየዘንጉ፣ በየፔዳሉ፣ በየበሩ እጀታ ላይ ተለብጦ፣ እያበራ፣ በከተማው ተበትኖ ነበር። አዲስ ጨርቅ ወጠረ፤ በአንድ ሰዓት ሞላ። አጠበው፤ በአንድ ሰዓት እንደገና ሞላ። ዐሥራ አንድ ቀን በሩን ዘግቶ ከሴትዮዋ ጋር ሲያጥብ ሰነበተ፤ የእጁ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ደም እስኪያወጣ ድረስ። ከዚያ የለበጠውን እየፈለገ ሊሰበስብ ቤት ለቤት ዞረ። ያገኘው ከግማሹ አይበልጥም። የቀረው የት እንዳለ፣ ማንን እንደተሸከመ፣ እስከ ዛሬ አያውቅም። ለመካኒኩም ሚስት ሄዶ እውነቱን ነገራት። ምን እንዳለችው አልጠየቅሁትም፤ አንዳንድ ነገር አይጠየቅም።

እንግዲህ ልጄ፣ ጨርቋ አንቺ ነሽ።

የሕፃናት ክፍል ነርስ ማለት ሌላ ምንድን ነው? የሰው ሁሉ ፍርሃትና ሕመም በአንቺ በኩል ያልፋል፤ መያዝ ያለበት አንቺ ላይ መያዝ አለበት። ቤትሽ ገብተሽ ታለቅሺ በነበረ ጊዜ እናትሽ እኔ ዘንድ መጥታ «ልጄ ተበላሸችብኝ» ብላኛለች። አልተበላሸሽም ነበር። ሞልተሽ ነበር። የሚያቃስተው ፓምፕ ቆሻሻው እየተያዘ መሆኑን ነው የሚናገረው። ማቃሰትሽ ሥራሽ ነበር እንጂ ሕመምሽ አልነበረም።

ከዚያ «ልብሽን አደንድኚ፤ ትለምጂዋለሽ» ያሉሽ አሉ። ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። አርባ አልጋ ለሁለት ሰው ተሰጥቷቸው፣ ማንም ፓምፑን አጥፍቶላቸው አያውቅም፤ እነሱንም አንድ ቀን አንድ ሰው በወስፌ በስቷቸዋል። የሆነባቸውን ነው ያስተማሩሽ። እኔን የሚያናድደኝ በር ላይ ቆሞ መርፌዋን ብቻ እያየ «ጎሽ» የሚለው አለቃ ነው። ይህን የምለው ራሴንም ጨምሬ ነው።

ዳንኩ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አልዳንሽም። ተበስተሻል። ቀለለኝ ያልሽው መርፌዋ ስለወረደች ነው። ነገ አንዲት እናት «እህቴ፣ የልጄ ትንፋሽ ልክ አልመሰለኝም» ትልሻለች። ይህ ቃል ትንሽ ነው፤ ከዝገት ፍርፋሪ አይበልጥም። የድሮዋ ወይንሸት ላይ ይያዝ ነበር፤ ከወንበሯ ያስነሳት ነበር። የዛሬዋ ግን «እሺ፣ እመጣለሁ» ትልና ታሳልፈዋለች። ማንም አይወቅስሽም። «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ማንም የማይወቅስሽ መሆኑ።

እስክትፈነጂ ተሸከሚ ማለቴ አይደለም። ያ ሰው ጥፋቱ ጨርቁ መሙላቱ አልነበረም፤ ፓምፑን ለማጥፋት አንድ ቀን መንፈጉ ነው። አንቺም ሁለት ዓመት ሙሉ ዕረፍት አልወጣሽም፤ እናትሽ ነግራኛለች። ጠይቂ። ከከለከሉሽ ተጣዪ። ካስፈለገ እኔም ከዘራዬን ይዤ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሽማግሌ ሲቆጣ ቢያንስ ወንበር ይሰጡታል። ከዚያም የያዝሽውን ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጠሽ አራግፊው። ብቻሽን አይደለም፤ ጨርቁን ሁለት ሆነው ነበር የሚጨምቁት። ያስጠላል፤ ይሸታል። ይሁን።

ጨርቅ ደግሞ ይሰፋል። አንቺ ገና አንድ ቀዳዳ ነው ያለሽ፤ ይህን የማውቀው ወደዚህ ስለመጣሽ ነው። ፈጽሞ የተበሳ ሰው «ቀለለኝ» ብሎ ይተኛል እንጂ ሽማግሌ ቤት መጥቶ «ለምን ቀለለኝ?» ብሎ አይጠይቅም።

አሁን እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ። ትናንት ስለሞተው ሕፃን ነግረሽኛል። አልጋው በመስኮቱ በኩል እንደነበር፣ በስንት ሰዓት እንደሞተ፣ ጓንትሽን የት እንደጣልሽ ነግረሽኛል። ስሙ ማን ነበር?

አየሽ፣ አላወቅሽውም። አታልቅሺ አልልሽም፤ አልቅሺ። ከዚያ ግን ተነሺና ሂጂ። ስሙ ካርዱ ላይ ተጽፏል። እናቱ ናት ያጻፈችው። አንብቢው።